በሻማ የተደፈነው እንቁላል

ሰዓት ሠሪው በሃያ ስምንት ዓመት የሥራ ዘመኑ ከእጁ አንዲት ብሎን ወድቃ እንደማታውቅ ይናገር ነበር። የሚሰማው ከተገኘ እንዲያውም በቀን ሁለት ጊዜ ይናገረዋል። የሰፈሩ ሰው «ደቂቃ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ስሙ የወጣለት በሥራው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ስኳሩን ስንት ዙር እንዳማሰለ የሚቆጥር፣ ሚስቱ ያጠፈችውን ፎጣ ዘርግቶ ዳር ከዳር አጋጥሞ እንደገና የሚያጥፍ ሰው ስለሆነ ነው። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መኖር ምን እንደሚመስል ሚስቱን መጠየቅ ይሻላል።

አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ወደ ቤቱ የገቡት ዓይናቸው እየደከመ መጥቶ የሰው ፊት ከጥላ መለየት ሲያቅታቸው ነው። የራሳቸውን ቤት ዘግተው ሲመጡ ዶሮዎቻቸውን ለጎረቤት አከፋፍለው አንዲት ግራጫ ዶሮ ብቻ በቅርጫት ይዘው መጡ። ያቺ ዶሮ በዚህ ቤት የእሳቸው የሚባል ብቸኛ ነገር ነበረች። ጨው የት እንዳለ የሚያውቁት ጠይቀው ነው፤ ወንበር ሲስቡ እንኳ የሰው ወንበር እንደሆነ እየተሳቀቁ ነው። ለዶሮዋ ሲሆን ግን ማንንም አያስፈቅዱም፣ ማንንም አይጠይቁም።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ጠዋት የጎረቤት ውሻ በአጥር ሾልኮ ገብቶ ያቺን ዶሮ ዘጠኝ እንቁላል እንደታቀፈች ገደላት። ከታቀፈች አሥራ አንደኛ ቀኗ ነበር፤ አሥር ቀን ብቻ ቀርቷት። አማቱ አላለቀሱም። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በዳበሳ ለቅመው በሻርፓቸው ጠቀለሉና ጉያቸው ከተቱ፤ ከዚያም አልጋቸው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀመጡ። ልጃቸው ምን ሆነሻል ብትላቸው፣ «ባልሽን ጥሪልኝ፤ የሚሞቅ ቤት ይሥራልኝ» አሉ።

ሰዓት ሠሪው በዚያ ቀን ሱቁን አልከፈተም። የውስጥ ዕቃው ተነቅሎ ባዶውን የቆየ የትልቅ ቁም ሰዓት ሣጥን ነበረው። እሱን አጋደመና ጭድ አነጠፈበት፤ አምፖል ሰቀለ፣ ውኃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጠ፣ ቴርሞሜትር ገጠመ። ሙቀቱ ልክ እስኪመጣ አምፖሉን አሥር ጊዜ ከፍ ዝቅ አደረገው። አማቱ እስከዚያ ድረስ እንቁላሎቹን ከጉያቸው አላወጧቸውም። እንቁላሎቹ በየተወሰነ ሰዓት መገላበጥ ስላለባቸው የትኛው ጎን ከላይ እንደነበረ ምልክት ያስፈልጋል። በእርሳስ ቢያደርገው ለአማቱ አይታያቸውም። ስለዚህ የሚስቱን የጥፍር ቀለም ወስዶ በእያንዳንዱ እንቁላል አንድ ጎን ላይ፣ ሲደርቅ በጣት የሚዳሰስ ጉብ ያለ ነጥብ አደረገበት። በዚህ ነገር ላይ ጎበዝ ነበር፤ የሚመሰገንበትን አናስቀርበትም።

ጠዋትና ማታ ባልና ሚስቱ ያገላብጣሉ። ሚስቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ቤት የለችም፤ ስለዚህ የስድስት ሰዓቱና የዘጠኝ ሰዓቱ የአማቱ ሆነ። ሴትዮዋ ሥራ አገኙ። ጊዜው ሳይደርስ እጃቸውን በሞቀ ውኃ ይታጠባሉ፤ ነጥቡን በአውራ ጣታቸው ይፈልጋሉ፤ ሲያገኙት ለእንቁላሉ የሆነ ነገር ያንሾካሹኩለታል። በሦስት ቀን ውስጥ ድምፃቸው ተለወጠ። ማታ ማታ ራት ላይ ስለ ሙቀቱ ያወራሉ፤ ጨው ሲፈልጉም ተነሥተው ያመጣሉ።

ሰኞ የሆነው እንዲህ ነው። ከሰዓት ሠሪው ሱቅ አጠገብ ፀጉር አስተካካይ አለ። ሰዓት ሠሪው የጫጩት ልብ በቅርፊቱ ውስጥ ሲመታ በባትሪ ብርሃን አይቻለሁ እያለ ሲያደርቀው ሰነበተና፣ ፀጉር አስተካካዩ ካላየሁ አላምንም አለው። በምሳ ሰዓት ተያይዘው ወደ ቤት መጡ። አማቱ የስድስት ሰዓቱን አገላብጠው በውስጠኛው ክፍል ጋደም ብለው ነበር። እንቁላል ያለ ሰዓቱ አይነሣ ብለው አስጠንቅቀው ነበር፤ ሰዓት ሠሪው ግን የሰዓት ነገር ለእሱ የሚነገረው አልመሰለውም። ቀስ ብሎ ሣጥኑን ከፈተ። ያቺን ለሥራ የሚጠቀምባትን አጉሊ መነጽር እንደ ልማዱ በቅንድቡና በጉንጩ መካከል ዓይኑ ላይ ሰካ፤ አንድ እንቁላል አንሥቶ ከሥሩ ባትሪ አበራበት። ፀጉር አስተካካዩ አጎንብሶ አየ፣ ከዚያ የሰዓት ሠሪውን ራሰ በራ ቀና ብሎ አየና፣ ይኼስ ገና ሳይወለድ ከአንተ የበለጠ ፀጉር አለው አለ።

ሰዓት ሠሪው ሳቀ። ሱቁ ውስጥ የማይስቀው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ያቺን መነጽር በዓይኑ የያዘ ሰው ከሳቀ እንደምትወድቅበት ስለሚያውቅ ነው። ወደቀች። የወደቀችውም በሣጥኑ ውስጥ ባሉት እንቁላሎች ላይ ነው። ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ ተሰማ። የአንደኛው እንቁላል ወፍራም ጫፍ ሰርጎድ ብሎ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል። ከሥር ያለው ስስ ሽፋን ግን አልተቀደደም፤ የሚፈስ ነገርም የለም።

ፀጉር አስተካካዩ፣ እንግዲህ ለእማማ ንገራቸው አለው። በዚህ መካከል ከውስጥ ሳል ተሰማ። ሰዓት ሠሪው በእጁ ያለውን እንቁላል መለሰ፣ የተሰነጠቀውንም ስንጥቁን ወደ ጭዱ አዙሮ አስተኛው፣ ሣጥኑን ዘጋ፣ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው በገዛ ቤቱ በእግር ጣቱ እየተራመደ ወጣ። ማታ እነግራቸዋለሁ ብሎ ነበር። መንገድ ላይ አነጋገሩን ሁሉ አዘጋጅቷል።

ማታ ሲገባ አማቱ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሚስቱ ኮቷን ሳታወልቅ ቆማለች። እንቁላሉ በአማቱ መዳፍ ላይ ነው፤ ስንጥቁን በጣታቸው እየዳበሱ ይመላለሱበታል።

«እኔ ነኝ» አሉ ገና ኮቴውን ሲሰሙ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳገላብጥ ጠንከር አድርጌ ይዤው ነው። አልታወቀኝም ልጄ። የማያይ እጅ ምን ያውቃል?»

ሰዓት ሠሪው አፉን ከፈተ። ያዘጋጀው ንግግር እዚያው አፉ ውስጥ ነበር። ግን ንግግሩ የተዘጋጀው ለተቆጣ ሰው ነበር፣ ይቅርታ ለሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ሚስቱ ዞር ብላ ምን ትላለህ በሚል ዓይን አየችው። እና እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«አይዞዎት እማማ፣ ያጋጥማል» አለ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጆሮው ጋለ። ነገሩን ለመመለስ ያኔም ጊዜ ነበረው፤ አንድ ትንፋሽ ያህል። እሱ ግን ሻማ ፍለጋ ሄደ። ሻማ አቅልጦ ስንጥቁን በቀጭን ብሩሽ ደፈነው። አንድ ዙር ይበቃ ነበር። እሱ ግን ሁለተኛ ደገመው፣ ሦስተኛ ደገመው፤ ወፍራሙን ጫፍ በሙሉ እስኪያለብሰው ድረስ ቀባው፣ ስንጥቁ ፈጽሞ እንዳይታየው። አማቱ የሻማው ሽታ እስኪጠፋ አጠገቡ ተቀምጠው መረቁት። ሚስቱም ትከሻውን ነካ አድርጋ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣት ነበር፤ አንተ ግን ልብ አለህ አለችው።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ አማቱ ወደ ሣጥኑ አልሄዱም። ለልጃቸው ስልክ ደውለው፣ እኔ ሕይወት ያለው ነገር አልነካም፣ ባልሽ በምሳ ሰዓትና በዘጠኝ ሰዓት እየመጣ ያገላብጥ አሉ። ሰዓት ሠሪው ሲመጣ ሁለት እጃቸውን ሻርፓቸው ሥር ከተው ተቀምጠው አገኛቸው። እንቁላሎቹን ሲያገላብጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጃቸው ከሻርፑ ሥር አልወጣም ማለት ይቻላል። ብርጭቆ ካልሰጧቸው አያነሡም፤ ጨውም መጠየቅ ተዉ፣ አልጫውን እንዳለ ይበሉታል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምናልባት ሰዓት ሠሪው ቀስ በቀስ ይረሳው ነበር፤ ሰው ነውና። ግን ማክሰኞ ማታ ሚስቱ መኝታ ቤት ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የሆዷን አወጣች። ዛሬ እንቁላል ነው፣ ነገ ምድጃ ነው አለች። እናቷ ለብቻቸው ሲውሉ ጋዙን ከፍተው ቢረሱት፣ ሙቅ ውኃ ቢደፉባቸው ማን ይደርስላቸዋል? እስካሁን እጃቸው ያውቃል እያለች ራሷን ታታልል ነበር፤ አሁን ግን እጃቸውም እንደከዳቸው በዓይኗ አየች። ስለዚህ ለወንድሟ ደውላለች። ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሌላ ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፤ የእሱ ሚስት ቤት ትውላለች። እሑድ መጥቶ ይወስዳቸዋል።

ሰዓት ሠሪው ያንን ቤት ያውቀዋል። መስኮቱ የሌላ ፎቅ ግድግዳ ነው የሚያየው፤ ግቢ የለውም፣ አፈር የለውም፣ ዶሮ የሚባል ነገር አይገባበትም። የወንድሟ ሚስትም ጠቅላላ በቀን አሥር ቃል የማትናገር ሴት ናት። እማማ ምን አሉ ብሎ ጠየቀ። እሺ ነው ያሉት አለችው ሚስቱ፤ ሌላ ምንም አላሉም።

አሁን መናገር ነበረበት። እኔም ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ሰውዬው ለምን እንዳልተናገረ እሱ ራሱ አሳምሮ ስለሚያውቅ ነው። አማቱን ፈርቶ አይደለም፤ ሴትዮዋ አይቆጡም። እንቁላሉን መስበሩም አይደለም፤ እሱ አደጋ ነው፣ ማንም ይቅር ይለዋል። ያፈረበት ያ «አይዞዎት» ነው። መነጽሯ ሳታስፈቅደው ወደቀች፤ አይዞዎት ያለው ግን አስቦ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ ምስጋናውንም ተቀብሎ ነው። ለዚህ ምን ስም እንደሚሰጡት አያውቅም ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ረቡዕ ጠዋት ነገርካቸው ወይ አለው። ዛሬ እነግራቸዋለሁ አለ። ሐሙስ ጠየቀው፣ ዛሬ አለ። ዓርብ ፀጉር አስተካካዩ አልጠየቀውም፤ ሰላምታ ሰጥቶት ወደ ሥራው ዞረ፣ ቀልድም አልቀለደ። ይህ ከጥያቄው የባሰ ሆነበት። በዚያ ሳምንት ሁለት ሰዓት አበላሽቷል፤ አንዱን የማይስማማ የባትሪ ድንጋይ አስገብቶበት፣ አንዱን ደግሞ መስተዋቱን ሲገጥም ሰንጥቆት።

ያ ሐሙስ የመጨረሻው የመገላበጫ ቀን ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስኪፈለፈሉ ሣጥኑ አይነካም። በዚያ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አማቱን፣ የዛሬውን እርስዎ ያገላብጡ እንጂ ብሎ ለመናቸው። ይቅርብኝ አሉት። ደጋግሞ ለመናቸው። ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው፣ አንዱ ይበቃኛል ልጄ አሉት። እንባው መጣ፤ አማቱ እንደማያዩት ስለሚያውቅ አልጠረገውም። ያኔም አልተናገረም።

ቅዳሜ ማታ ከሣጥኑ ውስጥ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ተሰማ። እሑድ ጠዋት ስምንት ጫጩቶች ወጥተው ነበር፤ ሦስቱ ግራጫ፣ የቀሩት ቡናማ። አማቱ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አድርገው በሩ ሥር ተቀምጠው ይሰማሉ። አንድ በአንድ ሲወጡ ቀለማቸውን ይጠይቃሉ፣ ሚስቱም ትነግራቸዋለች። ግራጫ ሲሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እጃቸውን ግን አይዘረጉም።

አራት ሰዓት ሆነ። ዘጠነኛው እንቁላል፣ በሻማ የተደፈነው፣ እንደተኛ ነው። ሚስቱ ይኼ አብቅቶለታል፣ ሳይሸት እንጣለው ብላ አነሣችው።

«አምጪው» አሉ አማቱ። «ጆሮዬ ላይ አድርጊልኝ።»

አደረገችላቸው። ትንሽ ቆዩ። ከዚያ በስድስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ እጃቸው ከሻርፑ ሥር ወጣና እንቁላሉን ከልጃቸው ተቀበለ።

«አለ» አሉ። «ያንኳኳል። ሻማ በተቀባበት በኩል ነው የሚያንኳኳው። በሩን ዘግተንበታል።»

ሰዓት ሠሪው ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው። ጫጩት መጀመሪያ የሚተነፍስባት አየር ያለችው በወፍራሙ ጫፍ ነው፤ ቅርፊቱን ሰብሮ የሚወጣውም ከዚያው ነው። አንድ ስስ ዙር ሻማ ቢሆን ሊበሳው ይችል ነበር። እሱ ግን የራሱን ጥፋት እንዳያይ ሲል ሦስት ዙር ደርቦበታል። ሮጦ ወረንጦውን አመጣ። አማቱ ፊት በርከክ ብሎ እንቁላሉን ተቀበላቸውና መነጽሯን ዓይኑ ላይ ሰካ። ዓይኑ ረጥቦ ስለነበር አልያዘችለትም። እንደገና ሰካት። ወለሉ ላይ ወድቃ ተንከባለለች።

«ምንድን ነው የወደቀው?» አሉ አማቱ።

«መነጽሬ ናት» አለ። ከዚያ ሊያቆም አልቻለም። «ሰኞም የወደቀችው እሷ ናት። እንቁላሉ ላይ። እርስዎ ተኝተው ሳለ ለሰው ላሳይ ብዬ ከፍቼ ነው። እማማ፣ የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ።»

ሚስቱ በእጇ የያዘችውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ባሏን አየችው። በሣጥኑ ውስጥ ስምንቱ ጫጩቶች ይጮኻሉ። ከዚያ ሴትዮዋ ሁለተኛውን እጃቸውን አወጡና ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው ጭናቸው ላይ አኖሯቸው።

«ስድስት ቀን ሙሉ እጄን ስረግም ከረምኩ» አሉ።

ሰዓት ሠሪው አንገቱን ደፋ።

«ስጠኝ» አሉት። «የአንተ እጅ ይንቀጠቀጣል።»

እንቁላሉን ወሰዱ። አምፖሉ ሥር ሻማው ለስለስ እስኪል ጠበቁ፤ ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳር ዳሩን ማንሣት ጀመሩ። አይቸኩሉም። ጥቂት ያነሣሉ፣ ጆሯቸው ላይ አድርገው ይሰማሉ፣ እንደገና ያነሣሉ። ሰዓት ሠሪው በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ እጅ አይቶ አያውቅም፤ የራሱንም ጨምሮ። ሻማው ከተሰነጠቀው ቅርፊት ጋር ቁራጭ ሆኖ ተነሣ፤ በቀዳዳውም ትንሽ ምንቃር ብቅ አለችና አየር ዋጠች። አማቱ እዚህ ላይ አቆሙ። የቀረውን ራሱ ይውጣው አሉና እንቁላሉን ራሳቸው ወደ ሣጥኑ መለሱት፤ ማንም አልመራቸውም።

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ወንድሟ ነበር። ሚስቱ ተነሥታ በሩ ሥር ያለውን ሻንጣ አነሣች። እሷ ግን ወደ ውጭ አልወጣችም። ሻንጣውን ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዛው ገባችና የቁም ሣጥኑን በር ስትከፍት ተሰማ። ስትመለስ በባሏ አጠገብ ሳታየው አልፋ ወንድሟን ልትቀበል ወጣች። ያ አለማየት ብዙ ቀን እንደሚቆይ ሰዓት ሠሪው አወቀ፤ አልተከፋበትም።

ዘጠነኛው ጫጩት የወጣው ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው። ግራጫ ነው፤ አንድ የእግር ጣቱ ወደ ውስጥ ታጥፋለች። አማቱ በመዳፋቸው አድርገው ያችን ጣት በስሱ ደጋግመው ያሹለታል። ወንድሟ ሻይ እየጠጣ ስለ መንገዱ ያወራል፤ ለምን በከንቱ እንደተጠራ ገና በቅጡ አልገባውም። ሰዓት ሠሪው ከወለሉ አልተነሣም። እማማ ይቅር ይበሉኝ አለ፣ ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

አማቱ ሰምተዋል። ባዶውን እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘርግተው በዳበሳ ራሰ በራውን አገኙትና መዳፋቸውን አሳረፉበት።

«አይዞህ ልጄ» አሉት፣ «ያጋጥማል።»

ሰዓት ሠሪው ቃሉ ውስጥ የሚወጋ ነገር ፈለገ። ቢያገኝበት ይሻለው ነበር። ሴትዮዋ ግን ሰኞ ማታ እሱ ያላቸውን ቃል፣ እሱ እንዳለው ሳይሆን ከልባቸው ነው ያሉት። መዳፋቸው እስኪነሣ ራሱን ቀና አላደረገም።